በቆርቆሮ የተዘጋው የግንደ ቆርቁር ደጅ

«እማዬ፣ ግንደ ቆርቁር ደጇን ሲዘጉባት ሁሉን የሚከፍት ቅጠል ታመጣለች አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ ልጄ አንድ ቀን ወደ ማታ። በአንድ እጁ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ በሌላው መዶሻ ይዟል። አሶሳ ከምንኖርበት ቤት ጓሮ፣ ከማንጎው የደረቀ ጎን ላይ ግንደ ቆርቁር ፈልፍላ ገብታ ነበር። ቆርቆሮውንና መዶሻውን ከእጁ ተቀበልኩት።

ልጅ ሳለሁ፣ ባምባሲ ገጠር፣ ተረት የሚነግሩን ጎረቤታችን አባባ ጉደታ ነበሩ። ማታ በቆሎ እየፈለፈልን እሳት እንከባለን፤ ያኔ መብራት ስላልነበረ ፊታቸው የሚታየን ቀርከሃው እየተንጣጣ ሲነድ ብቻ ነው። ስለ ግንደ ቆርቁር ሲያወሩ ወፏ ዓይናችን ላይ ትመጣለች፤ ከጡጫ የምታንስ፣ ጀርባዋ ዝንጉርጉር፣ ወንዱ አናቱ ላይ ቀይ የደፋ፣ በደረቅ ጅራቷ ግንዱን ተደግፋ እየዞረች የምትወጣ። «ደጇን የዘጋባት ቅጠሏን ያገኛል፤ ቅጠሏ የተያዘ አንደበት ይፈታል» አሉና ወደ እኔ አዩ። እናቴ ታናሼን ከወለደች ወዲህ አንደበቷ ተይዞ ቃል አይወጣትም ነበር።

በነጋታው ራሳቸው መጥተው፣ ከጓሯችን ሾላ ላይ ያለውን የግንደ ቆርቁር ጎጆ ደጅ ቆርቆሮ አልብሰው በምስማር መቱት። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ሳስደግፍ ጫጩቶቹ ውስጥ ይንጫጫሉ። እናትና አባታቸው ትል ይዘው እየመጡ፣ ትሉን እየጣሉ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድቡ ዋሉ። ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ መደቡ ላይ እንዳለች እጇን ወደ ጓሮ እየዘረጋች ታቃስት ነበር፤ እኔ ቅጠሉን የምትለምን መሰለኝ።

ከቀናት በኋላ ድብደባው ቆመ። ጆሮዬን ባስደግፍ ግንዱም ዝም ብሏል።

«አባባ፣ ቅጠሉስ?» አልኳቸው ማታ እሳቱ ዳር።

«ተረት ነው እንጂ ልጄ» አሉ፣ ከበቆሏቸው ቀና ሳይሉ። «ደግሞ እናትሽ ዝም ብትል ምን አለ? ጎረቤቱ አርፏል።»

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ።

እናቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ሞተች። ያ የተዘረጋ እጇ እስከ ዛሬ ስጸልይ ይመጣብኛል። ቅጠሉን ሳይሆን «ክፈቱላቸው» ስትል እንደነበር የገባኝ እኔም ከወለድኩ በኋላ ነው።

ልጄን ያን ምሽት «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አስተኛሁት። በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮውን ጎድጎድ አድርጌ አጥፌ ለዶሮዎቹ ውሃ አኖርኩበት። ከዚያ እጁን ይዤ ማንጎው ሥር ወሰድኩትና ጆሮውን ግንዱ ላይ አስደገፍኩት፤ ውስጥ ጫጩቶች ይንጫጫሉ።