ለቀይ ሲሊንደር የተላከ ሽማግሌ

ደርግ ከወደቀ በኋላ መሆኑን እንጂ ዓመቱን በእርግጠኝነት መጥቀስ አልችልም። ከኬሚስትሪ መምህርነት ወደ አካባቢ ጥበቃ ሥራ ተዛውሬ በደሴ እሠራ ነበር። አዲስ የወጣው ደንብ፣ የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሳው ሃሎን የተባለ የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ከአገልግሎት እንዲወጣ ያዝዛል። ከባልደረባዬ ጋር ወደ ኮምቦልቻ የወረድነውም ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ቀያይ የሃሎን ሲሊንደሮችን ለመረከብ ነው።

የፋብሪካው የእሳት መከላከል ኃላፊ፣ ሁሉም ሀጂ የሚላቸው አዛውንት፣ ቀደም ብለን ብንጠይቃቸው አልሰጥም ብለው ነበር። በዚያ ክፍል የተነሳን እሳት ሃሎን አንዲት ሽቦ ሳያበላሽ አጥፍቶላቸዋል፤ ምትኩ ቢሳነው የስንቱ ሠራተኛ እንጀራ አብሮ ይነድዳል ባይ ነበሩ። ማስገደድ ይቻል ነበር፤ ባልደረባዬ ግን በወሎ ወግ እንሂድ አለ።

ቢሯቸው ስንገባ ተቀመጡ አሉን። አልተቀመጥንም። ልጅ ለመጠየቅ እንደ ተላከ ሽማግሌ፣ ኮታችንን ቆልፈን ከበሩ አጠገብ ቆምን።

«ሀጂ፣ የመጣንበት ካልተፈጸመ አንቀመጥም» አለ ባልደረባዬ።

ሀጂ ትንሽ አዩንና ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲያው ሙሽራውን ልየው። የእኔን እሳት ካጠፋ፣ ወላሂ እድራለሁ።»

በግቢው ውስጥ በተጣለ ሞተር ላይ ዘይት አፍስሰው ራሳቸው ለኮሱ። በሃሎኑ ምትክ ይዘን ከመጣናቸው ሁለት ማጥፊያዎች አስቀድመን ዱቄት የሚረጨውን ሞከርን። እሳቱ ጠፋ፤ ነፋሱ ግን ዱቄቱን መለሰብንና ሀጂም፣ እኔና ባልደረባዬም፣ ሊያዩ የተሰበሰቡት ፈታዮችም ከወፍጮ ቤት የወጣን መሰልን። ሀጂ ሞተሩን ዳሰስ አድርገው፣ ይህ ሙሽራ ቤቴን ዱቄት አልብሶ ነው የሚወጣው፣ ሌላ አምጡ አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሞተሩ ተጠርጎ እንደገና ተለኮሰ። ሁለተኛው ማጥፊያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ነበር። ጋዙ እያጓራ ወጣ፤ ነበልባሉ ወደቀ። ሀጂ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አቅርበው አገላብጠው አዩት። አንዳች ዱቄት አልነበረበትም።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «አሁን ተቀመጡ።»

አንዲት ፈታይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ሲሊንደሮቹ ተጭነው ሲያበቁ ሀጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። ለፋብሪካው ይሁን ለሰማዩ፣ ቃሉን ዘንግቼዋለሁ፤ ከፊላችን አሚን፣ ከፊላችን አሜን ማለታችን ግን አይጠፋኝም።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ ልጂቱን በመንገድ እንዳናንገላታት አደራ አሉን። ሾፌራችን እስከ ደሴ ድረስ፣ ዱቄት የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ፣ በየጠመዝማዛው ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር።