የመጀመሪያው ነዶ

አክስቴ ማካሬታ ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት፤ ቆሻሻን ገና ከሩቅ በጠረኑ ታውቀዋለች። ከላም እርባታዎቹ የሚወርደው ፍሳሽ ሐይቃችንን አረንጓዴ ሲያለብሰው ከሁሉ በፊት የጮኸችው እሷ ነበረች። የጎሣችን ሽማግሌ አባባ ሬዊሪ ግዝት ጣሉ። እሳቸው እስኪያነሡት ድረስ ከሐይቁ ዓሣም ሆነ ቅጠል፣ ምንም አይወጣም።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የቤተሰቡን ሴቶች አስተባብራ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ መደብ ሠራችና ፊላ ተከለችበት። ሥሩ ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ቆሻሻውን ይመጥጣል። ሁለት በጋ እንደ ልጅ አሳደገችው።

ዘንድሮ ብርዳማው ክረምት ሲቃረብ ፊላው ቢጫ ሆነ። ካልታጨደ ውርጭ ይጥለዋል፤ ውኃው ውስጥ በስብሶ የመጠጠውን ሁሉ ይመልሳል። ማጨድ ደግሞ ግዝት መጣስ ነው።

«አባባ፣ ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው።

«ምንም አይወጣም ብያለሁ።»

«ቆሻሻውንም ነው እንዴ የገዘቱት?»

«ምላስሽ ቁርጥ የእናትሽን!» ብለው በራቸውን ዘጉባት።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰረስር ነበር። ማጭዷን ይዛ ታንኳ ላይ ወጣች። እኔ ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ቀዘፍኩላት። ግዝት የጣሰን ውኃ ይወስደዋል ሲባል ነው ያደግነው፤ ታንኳው በተወዛወዘ ቁጥር መቅዘፊያውን አጥብቄ እጨብጣለሁ። አባባ ሬዊሪ ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። ከኋላቸው መንደሩ በሙሉ ወጥቷል።

የመጀመሪያውን ነዶ አጨደች።

በእኛ ዘንድ ከውኃ የወጣ የመጀመሪያው ነገር ለውኃው ጌታ ለታንጋሮአ ይመለሳል። እጇ ከልጅነቷ የለመደውን አደረገ፤ ነዶውን ወደ ሐይቁ ወረወረችው።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል!» አባባ ሬዊሪ አምባረቁ። «ያንን እድፍ መልሰሽ ለታንጋሮአ ታጎርሺዋለሽ? አውጪው! አሁኑኑ!»

ማጭዷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ላውጣው?»

አባባ «አውጪው» ሲሉ ግዝቱን በገዛ አፋቸው ማንሣታቸው ገና አሁን የገባቸው ይመስላል።

«ሌላውንስ፣ አባባ?»

ጠጠሩን በዱላቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። «ደነቆርሽ እንዴ? ሁሉንም! የመጀመሪያውን ግን ለእኔ አምጪልኝ፣ ለማዳበሪያ ስኳር ድንቼ ላይ ልጣለው።»

አክስቴ እስከ ትከሻዋ ውኃው ውስጥ ገብታ ነዶውን ጎትታ አወጣችው።

ውርጩ በሦስተኛው ቀን ወረደ። መደቡ ላይ ያገኘው ጉቶ ብቻ ነበር።