የንስሐዬ ድንጋይና የባንኮቹ ሰፈር ፎቅ

ወሬው የደረሰኝ ድንጋይ ተሸክሜ ነው። ቡራዩ ያለችውን የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያናችንን በድንጋይ ለማነጽ ታስቦ፣ ምእመኑ እሑድ እሑድ ከወንዙ አንዳንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣ ነበር። የኔ ግን ቀኖናም ነበረበት። እናቴ ጎጃም ስታርፍ መንገዱ ርቆኝ ሳልቀብራት ቀረሁ። የንስሐ አባቴ ማልቀሴን ቢያዩ፣ «ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸከሚ፤ በስሟ ግድግዳ ይቁምላት» አሉኝ።

የዚያን እሑድ ከግቢው ስገባ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ከክምሩ አጠገብ ፕላን ዘርግቷል። አዲስ አበባ፣ ባንኮቹ ካሉበት ሰፈር፣ በአገሩ ያልታየ ረጅም ፎቅ ሊሠራ ነው አለ። ለመሠረቱ ድንጋይ ቸግሯቸዋልና ክምሩን እናውሳቸው፤ ለፋሲካ በጥርብ ድንጋይ ይተኩልናል።

«ስንት ደርብ ነው?» አሉ ኦቦ የምላቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ።

«አሥራ አምስት።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ላይኛው ላይ ያለው ሰው ውኃ ሲጠማው ወርዶ እስኪጠጣ አይሞትም?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ የሰውየውን ጫማ አየሁ። መሠረት አስቆፍራለሁ የሚል ሰው ጫማው እንዴት እንዲህ ያብለጨልጫል? ደግሞስ ባንክ ደጁ የሆነ ሰው የኛን ድንጋይ ምን አስመኘው?

«ኦቦ፣ ይህ ሰው አላማረኝም» አልኳቸው ጠጋ ብዬ።

«ተይ ልጄ! አንቺ እኮ ጠበል ሲረጩሽም ከየት ተቀዳ ባይ ነሽ።»

ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን በር ስሞ እንዲምል አዘዙት። ሳመ፤ ማለ። በሩን ስሞ የማለን ሰው ወረቀት ፈርም ማለት ደግሞ በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እግዜርን ዋስ ጠርቶ አለማመን ይሆናል። ስለዚህ ወረቀት የጠየቀው የለም። ብቻ እኔ የዕለቱን ድንጋይ ከክምሩ ሳልጨምር ወደ ቤቴ ይዤው ተመለስኩ።

ማክሰኞ በጭነት መኪና ጠራርገው ወሰዱት። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ሰውየው የለም። አንድ ቀን ባንኮቹ ካሉበት ሰፈር ሄጄ ጠየቅሁ። አንድ ዘበኛ ፎቅ የተሣለበት ሰሌዳ አሳየኝ፤ ከኋላው አረም በቅሏል።

«እዚህ ድንጋይ አልተራገፈም?»

«ኧረ እናቴ፣ ከዚህ ሥዕል በቀር የመጣ ነገር የለም።»

ያቺ ያስቀረኋት ድንጋይ ዛሬም ከደጄ አለች። ያን ማክሰኞ ከመኪናው ጋር የሄዳችሁ፣ ስትጭኑም የነበራችሁ፣ የት እንዳራገፋችሁት ንገሩኝ። አልከስም፣ አላስመልስም። የማንም ቤት ይሁን፣ የእናቴ ግድግዳ የቆመበትን አውቄ ሳልፍ ልሳለመው።