አገር እየለካ ነው ያልኩ ቀን

ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ተናግሬዋለሁ። በሠርግ ተናግሬዋለሁ፣ በተዝካር ተናግሬዋለሁ፤ በጠጅ ቤት ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት የሚያውቅ ቢኖር አሳላፊው ብቻ ነው። የሰማ ሁሉ ስቋል። አንድ ቄስማ ከመሳቃቸው ብዛት ትን ብሏቸው ጀርባቸውን ደብድበን ነው ያተረፍናቸው። ነገር ግን በተናገርኩት ቁጥር ከመካከሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር እያወጣሁ ነው። እሷን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ለእሳቸው በጾም ወተት መቅመሴን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ጥራጊ እየለቃቀምኩ ስወስድላቸው ኖሬአለሁ። አንተ አንባቢዬ ካህን አይደለህም፤ ፊትህንም አላየውም። የደፈርኩህ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የጽሕፈት መኪና መምታት። ምላሴ ግን ከጽሕፈት መኪናው ይፈጥን ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ቅኔውን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል መወርወሩን ግን ይዤው ወጣሁ።

በትምህርት ቤታችን ኡላ የሚባል፣ ኖርዌይ ከሚባል አገር የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በር ሲገባ ሁለት ጊዜ ይጎነበሳል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለአፍንጫው። እሑድ እሑድ በእግሩ ይሄዳል። ወዴት? የትም። ሄዶ ይመለሳል። በቅሎ መግዛት እየቻለ፣ የሚጠይቀው ዘመድ ሳይኖረው፣ ስለትም ሳይሳል ዝም ብሎ የሚራመድ ሰው ከተማው አይቶ አያውቅም ነበርና ሕፃን አዋቂው ቆሞ ይሸኘው ነበር።

በአገሩ ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ አለኝ። በአንድ ወገን ጨው ውኃ፣ በአንድ ወገን ዓለት። ሰዎች ሳይፈረድባቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ ድንኳን በጀርባቸው ተሸክመው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይሄዱበታል። በየጉብታው የድንጋይ ቁልል አለ፤ በየቁልሉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ጭጋግ ቢወርድ ቀዩን ያየ አይጠፋም። ቁልሉን መጀመሪያ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል። «ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው አላውቀውም፤ ግን አስቤለታለሁ ማለት ነው» አለኝ። ይህን ነገሩን እወድለታለሁ። ያን ጊዜም ወድጄለት ነበር፤ ለዚህ ነው ጥፋቴ የሚብሰው።

እሱ ታዲያ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ አፋፉን እስከ ደጀን የሚዘልቅ እንደዚያ ያለ መንገድ ምልክት ሊያደርግለትና ተማሪዎቹን በየዓመቱ ሊያስኬድበት አሰበ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ትምህርት ሳይጀመር እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ወጣ። የባሕር ዳር መንገድ ብዬ በተረጎምኩ ቁጥር ሰዉ ጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር እየመሰለችው፣ «ታዲያ ምነው በአውቶቡስ አይሄድም?» ይለኛል።

የመስከረምን ጭቃ ታውቀዋለህ። ጫማዬን ሦስት ጊዜ በላው፣ ሁለት ጊዜ መለሰልኝ። ሦስተኛውን ለማውጣት ጥማድ በሬ ያስፈልግ ነበር። ድንኳኑን የተሸከምኩ እኔ ነኝ። በኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ስለዚህ ባደርንበት ሁሉ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ፣ «ማን ሞቶ ነው?» ይሉናል። «እስካሁን ማንም፤ እኔ ግን ተቃርቤአለሁ» እላቸዋለሁ። ከአምበር ከተማ ወዲያ እግሬ ሁለመናው ውኃ ቋጥሮ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አፋፉ ላይ ደረስን። ዓባይ የለም፣ ሸለቆም የለም። ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ማዶው ሸዋ ድረስ ነጭ ጉም ተኝቶበታል፤ የኮረብቶቹ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብሏል። ኡላ ሸክሙን አወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «ባሕሩ» አለ። እኔም ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀልድ ቆምኩ።

እንግዲህ የዚያኑ ዕለት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ደጅ ደረስን። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ደጃፍ ተቀምጠዋል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉ። ኡላ አመስግኖ፣ ከጤፉ ማሳ ሥር ባለው ሣር ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ተረጎምኩ። አያ ደሴ ደነገጡ። «ቤት እያለ ሜዳ? ምን በድለነው ነው?» አሉ። ልማዱ ነው ብዬ ባስረዳም ቅር እንዳላቸው፣ «ይሁን ካለ» ብለው ተዉት። ሚስታቸው እትዬ የሺ እርጎ አመጡልን።

ሸክሜን ሳወርድ አያ ደሴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የምትሸከመው ለደመወዝ ነው ወይስ ንስሐ ተሰጥቶህ?» አሉ።

ጎረቤቶቹ ተንከተከቱ። እትዬ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ጥሩ ቀልድ ነው። ክፋቱ የኔ አለመሆኑ ነው። እኔ አገሩን ሳስቅ የኖርኩ ሰው፣ ሲሳቅብኝ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረኝም።

በዚህ መካከል ኡላ ማሳው ጥግ ሄዶ ድንጋይ መከመር ጀመረ። ከምሮ ሲያበቃ ቀዩን ቀለም አውጥቶ ይቀባ ጀመር። አያ ደሴ ሳቃቸውን አቆሙና፣ «ምንድን ነው የሚያደርግ?» አሉኝ።

«አገር እየለካ ነዋ!» አልኩ።

ሥራ ፈትቶ የሚንከራተተውን ሰው አገር ሲለካ ይውላል እንለው የለ? ሰሙ ይህ ነው። ወርቁን ግን በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ርስቱ በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ ሊለካ ነው፣ ከአባት ከአያት የመጣው መሬት ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይናፈስ ነበር። በሠርግ ስናገረው እዚህ ላይ ቆርጬ ወደ ማግስቱ እዘላለሁ። ቃሉን ወረወርኩ፣ ገበሬው ሰሙን ትቶ ወርቁን ያዘ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰው ይስቃል፣ ብርሌዬ ይሞላል።

አሁን ግን የቀረውን ልንገርህ። አያ ደሴ ሞኝ አልነበሩም። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው ገብቷቸዋል። ቀስ ብለው ቀረቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲለካ በእግሩ ነው በገመድ?» አሉ።

መውጫ በር ከፈቱልኝ ማለት ነው። በእግሩ ብል ኖሮ ሁላችንም እንስቅ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ቋጠርኩና፣ «በገመድ። ቀይ የነካው ሁሉ ከርስት ወጥቷል» አልኩ።

ይህች ናት። ሠላሳ ዓመት ያህል ከታሪኩ ውስጥ ሳወጣት የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። ሰም የላት፣ ወርቅ የላት፤ ውሸት ናት። ለምን አልኳት? እግሬ አሞኝ ነው? መንገዱ እንዲቀርልኝ ፈልጌ ነው? እነዚህን ምክንያቶች ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤአለሁ፤ አንዱም አልበቃኝም። እውነቱ ትንሽ ነው፣ ያሳፍራል። ሳቃቸው እንዲቆም ፈልጌ ነበር። ቆመ።

ጠዋት ስንነሣ ቁልሉ ፈርሷል፤ ቀይ የነካቸው ድንጋዮች አንድም ሳይቀሩ ገደል ተጥለዋል። መንገዱ ላይ ሰዎች ዱላ ይዘው ቆመዋል። በሠርግ ላይ ሠላሳ አደርጋቸዋለሁ። ሰባት ነበሩ። ሰባትም ይበቃል። አያ ደሴ ከቤታቸው ወጡ፣ በእኛና በእነሱ መካከል ቆሙ።

«የለካውን ለክቷል። እኔ ደጅ ያደረ ግን የኔ እንግዳ ነው። እሱን የሚመታ መጀመሪያ እኔን ይምታ» አሉ።

ትናንት አብረዋቸው ሲስቁ ከነበሩት ጎረቤቶች አንዱ፣ «ደሴ፣ ለማን ነው የሸጥከን?» አላቸው። አያ ደሴ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ሸኙን። ኡላ በመንገድ ላይ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። ዝናብ ሊመጣ ነውና ፍጠኑ ነው የሚሉት አልኩት። ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሰማይ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየኝ። ስንለያይ አያ ደሴን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገናቸው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜአለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቀልዴን ነው ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ጠዋት ሰባት ዱላ ፊት እንደነበርን አውቃለሁ። ጎዳናው ላይ ግን ዱላ አልነበረም። እዚያም ዝም አልኩ።

በኅዳር መጨረሻ ከነዚያ ጎረቤቶች ሌላኛውን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አገኘሁት። ፈገግ ብዬ፣ «አያ ደሴ ደህና ናቸው?» አልኩት። ጤፋቸው ደርሶ ደቦ ቢጠሩ አንድ ሰው እንዳልመጣላቸው ነገረኝ። ሰካራም ሲያጭድ እንኳ ሃያ ሰው የሚመጣበት አገር ነው። ባልና ሚስት ብቻቸውን ግማሹን ሳያጭዱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወርዶ የቀረውን አስተኛው። ከማኅበሩም አስወጥተዋቸዋል፤ መሬት ለኪ ካሳደረ ሰው ጋር ጽዋ አንጠጣም ተብሎ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በበልጉ ዕቃቸውን ጭነው አማኑኤል ከተማ አጠገብ ወደ ሚስታቸው ዘመዶች ሄዱ። ማንም ሳይለካባቸው ርስታቸውን ለቀቁ።

ኡላ መንገዱን ተወው። ዓመቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ተርጉሜ ለአያ ደሴ እንዳደርስ። «ቤትዎን ትቼ ሜዳ ማደሬ ክብርዎን እንደነካ ዘግይቶ ገባኝ፤ ቁልሉ የፈረሰው ለዚህ ይመስለኛል። ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ሰውየው ያልሠራውን ኃጢአት እየተናዘዘ! እኔ ደግሞ በጽሕፈት መኪናዬ አሳምሬ መታሁት። ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ አራት ዓመት አስቀመጥኩት።

በአራተኛው ዓመት አማኑኤል ድረስ ሄድኩ። ሁሉን ልናገር ቆርጬ ነበር፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ዳዊት ስደግም ሄድኩ። አያ ደሴ አርጅተዋል። ከሰው ማሳ ዳር ባለች ጎጆ ውስጥ ተቀብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። «ምስኪን። ለዚህ ነው የተጨነቀ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ያን ጊዜ እውነት ለክቶን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ደግመው በሩን ከፈቱልኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደወጣ ታውቃለህ? «ጫማው እስኪያልቅ!» አልኩ።

እትዬ የሺ ሳቁ፣ እንግዳ ሊያዩ የመጡ የጎረቤት ልጆች ሳቁ። አያ ደሴም ሳቁ። ሲያበቁ ግን ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም። «አንተ ልጅ፣ ያን ድንኳን እስካሁን አላወረድከውም መሰለኝ» አሉኝ። ዱላቸውን ይዘው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ፤ እንደዚያን ጊዜው። የዚያኑ ዓመት ክረምት ዐረፉ።

አውቀው ነበር? ሲመረምሩኝ ነበር? አላውቅም፤ ባውቅስ ምን ይረባኛል? ወጣት ነበርኩ አልልህም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ውሸትን ከቀልድ ለመለየት ይበቃል። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልህም፤ በዚያው ዘመን እሳቸው ሰባት ዱላ ፊት ቆመዋል። ማረኝም አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ያዘጋጀሁትን ቃል ብቻ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ድምፄን አሰምቼ ልበለው፤

አያ ደሴ፣ አልለካዎትም። መንገድ ነበር የሚያበጀው። የዋሸሁ እኔ ነኝ።