የቡላ ካፖርት

ልብስ ሰፊው እጁ ወርቅ ነው ይባልለታል። እሱ የጠገነው ልብስ ቀዳዳው የት እንደነበር ባለቤቱም ፈልጎ አያገኘውም። መከራው የመጣውም ከዚሁ ሙያው ነው።

ውሻው ቡላ ጀርባውን ማከክ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ጸጉሩ ረገፈ፣ ቀጥሎ ቆዳው ቀላ፣ ከዚያ ቆሰለ፣ ሸተተ። ቡላ ሲያክ ያድራል፤ ሰፊውም ሲሰማው ያድራል። ቀን ዓይኑ እየተጨናበሰበት መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አሳሩን ያያል። ደንበኞችም ከሱቁ በር ላይ ቆመው ጨርቃቸውን በሩቁ ማቀበል ጀመሩ። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ አንድ ጠዋት ቁርጡን ነገረችው።

«ስማ፣ ወይ አሳክመው ወይ ገላግለው። እኔም አልቻልኩ፣ እሱም አልቻለ።»

ገላግለው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል፤ ክው አለ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን አፈረ። ይህን ቁስል በአደባባይ እየጎተቱ ማለፍ! ስለዚህ የሚያዋጣውን ትቶ የሚችለውን አደረገ፤ ሜትሩን አንስቶ ቡላን ለካው። ገበር ያለው፣ ከአንገት እስከ ጭራ የሚሸፍን፣ ሆዱ ላይ በአዝራር የሚቆለፍ ካፖርት ሰፋለት። ሙያ ካሉ አይቀር እንዲህ ነው! ደንበኞች «ውይ፣ ሲያምር!» እያሉ ገቡ። ሰፊው ደስ አለው፤ ቡላ ግን ምግቡን ተወ።

በመጨረሻ እህቱ እየነዘነዘች ሁለቱንም ወሰደቻቸው። የእንስሳት ሐኪሟ አዝራሮቹን ብትፈታ ገበሩ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። በለብ ያለ ውሃ አርሳ ስታነሳው ቡላ ጮኸ። ሰፊው ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ የጀመረው በቁንጫ ነው፤ ቀላል ነበር» አለች። «አየር አጥቶ ነው እንዲህ የተበላሸው። ማነው ይሄን ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይታይ ብዬ።»

«ለማን እንዳይታይ?»

ሰፊው መድኃኒቱን ተቀብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቡላ ቁስሉ ተገልጦ ሱቁ መሃል ይጋደማል፤ ደንበኞችም እንደገና ሸሹ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇን የምትድር ሴት ቀሚሷን ልታስጨርስ መጥታ አፍንጫዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ሰፊው የስፌት መኪናውን እያጣደፈ ሳለ ዓይኑ ቡላ ላይ አረፈ። ውሻው አያክም። ዓይኑ ተከድኗል፣ ሆዱ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሰፊው እግሩን ከመኪናው ላይ አነሳ።

«ምነው ቆምክ ጋሼ? ሰርጉ ነገ እኮ ነው!»

«ተኝቷል» አለ በሹክሹክታ። «የመኪናው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል።»

«አብደሃል እንዴ!» ሴትየዋ ያላለቀ ቀሚሷን ከፊቱ ነጥቃ ወጣች።

ሰፊው ሊከተላት አልሞከረም፤ ከተነሳ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል።