ለዶቅዶቄው ያጠጣሁት ጠበል

አሁን ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ብዕር ስይዝ ቃሉ እየተሽቀዳደመ ይመጣልኛል፣ ደስ ሲል! ስለዚህ በአፌ ደግሜ ልናገረው ያልቻልኩትን ልጽፈው ነው።

አባቴ እዚህ ንፋስ መውጫ ድሬሰር ናቸው። በየገጠሩ መርፌ ለመውጋት የሚሄዱበት ዶቅዶቄ ነበራቸው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጋ ላይ፣ አንድ ቀን አመሻሽ አያቴ ከሚኖሩበት ከአርብ ገበያ ሰው መጣ።

“እናትዎ ጠንቶባቸዋል። ስምዎን እየጠሩ ነው። ነገ በጠዋት ካልደረሱ...” አለና አቀረቀረ።

እናቴ ለአያቴ ብላ ከቤተ ልሔም ደብር ያስመጣችው ጠበል በጠርሙስ ሆኖ መስኮቱ ላይ ነበር። እሱም አባቴ ያዘጋጁት መድኃኒትም ጠዋት አብረዋቸው ሊሄዱ ሆነ። አባቴ ግን ሐሳብ ገባቸው።

“ይሄ ዶቅዶቄ ሰሞኑን ያስለዋል። መንገድ ላይ እንዳይተኛብኝ።”

የታመመ ምን እንደሚደረግለት አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ፤ የቤንዚን መያዣውን ክዳን ከፍቼ “በስመ አብ” አልኩና ከጠርሙሱ አንድ ስኒ ያህል አጠጣሁት። ጀርባውንም ዳበስኩት።

አባቴ ሲረግጡት ተነሣ። በደስታ ዘለልኩ። ከአጥሩ በር ሳይወጣ ግን አሳለ፣ አሳለና ጸጥ አለ።

አባቴ እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ ፈትተው ጠረጉ፤ እንቢ አለ። ቤንዚን ለሞተሩ የሚሰጠውን ካርቡራተር ፈቱና ብልቱን ሰፌድ ላይ ደረደሩት።

“ሰፌዴን! በቤንዚን ነው እንግዲህ ገብሱን የማበጥረው?” አለች እናቴ።

“እናቴ እየሞተች ስለ ሰፌድ ታወሪኛለሽ?” አሉ አባቴ።

ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ ወደ ፀሐይ አዘነበሏት። ከቤንዚኑ በታች ውኃ እንደ ጨሌ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል።

“ውኃ! ያ ባለሱቅ ውኃ ቀላቅሎ ሸጠልኝ!”

አፌን ከፈትኩ። “ምን?” ብለው ዞሩብኝ። ፊታቸውን አየሁና “ምንም” አልኩ።

ቤንዚኑን በሙሉ ደፉት። የሐኪም መርፌ ሲደፈን በሚከፍቱበት ቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋን ጠረጉ፣ በአፋቸው ነፉ፣ ገጠሙ። አሁን የሚያስፈልገው ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነበር። ባለሱቁ ዘንድ አንድ በርሜል ሙሉ ነበረ፤ አባቴን ተከትዬ ሄድኩ።

“በሚካኤል፣ ጌታዬ! ጠብታ ውኃ አልገባበትም፤ ይቅዱና ይዩት” አለ ሰውየው፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሞ።

“ካንተ በርሜል ከምቀዳ ከምንጭ ብቀዳ ይሻለኛል!”

የጭነት መኪና እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁ። ከሾፌሩ ለምነው ቤንዚን ሲያገኙ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

በአራተኛው ቀን ራሳቸውን ተላጭተው ተመለሱ። ጠርሙሱን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ውታፉ እንዳለ ነው።

“ስደርስ እየገነዟት ነበር። አንድ ጉንጭ እንኳ ሳትቀምሰው...” ቀና አድርገው አዩት። “ሙሉ አልነበረም እንዴ?”

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ያስለዋል ሲሉ፣ እንዲድን ብዬ... ለዶቅዶቄው...”

አልመቱኝም። ምነው በመቱኝ! ጠርሙሱን አስቀመጡና እጄን ይዘው ተነሡ። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ “ንገሪያቸው” አሉኝ።

ነገርኩ። አባቴ “በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ” ሲሉ ሰምቼ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ባለሱቁ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። የአባቴን የተላጨ ራስ አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

“እግዚአብሔር ያጥናዎ” አለ። “ማን ነው የሞተብዎ?”

“እናቴ” አሉ አባቴ። እስከዚያች ሰዓት እኛ ፊት አላለቀሱም ነበር። በርሜሉን ተደግፈው አለቀሱ።