ደም በቀዝቃዛ ውሃ

ሰፈሩ ስሟን ረስቶ «በረኪና» ይላት ነበር። እሷም አልከፋትም። «ከስም ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ የሚያነጣው ነው» እያለች ትስቅ ነበር። የምትኖርበት ግቢ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ዙሪያውን ተደርድረውበት መሃሉ ላይ አንድ ቧንቧ የቆመበት ነው። ከቧንቧው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የእሷ ነበር። ማንም አልሰጣት፤ ተቀምጣበት ተቀምጣበት የእሷ ሆነ። እዚያ ላይ ሆና የሰው አንሶላ፣ የሰው ሸሚዝ ስትዘፈዝፍ፣ ስታሽ፣ ስታለቀልቅ ዕድሜዋ ሄደ። እጇ ተልጦ ተልጦ የመዳፏ መስመር እንኳ ጠፍቶ ነበር።

ደም የነካው ልብስ ሲመጣ ሌላው አጣቢ ሁሉ ሙቅ ውሃ ይደፋበታል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ደምን ያበስለዋል፤ ከበሰለ አይለቅም። እሷ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ሕፃን ገላ ነበር የምታጥበው። ይህን ማንም አላስተማራት። ባሏ በሕይወት ሳለ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ የትራሷን ልብስ አጥባ ታሰጣለች። ትንሿ ልጇ ስትነቃ ደም እንዳታይ ነው። ልጅቷም ሳታይ አደገች። ወይም እናቷ እንደዚያ መሰላት።

ያቺ ልጅ ያደገችው ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው። ሊታጠብ የመጣ የልብስ ክምር ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ጎረቤታቸው ልብስ ተኳሿ፣ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት፣ ካውያዋን ይዛ ስታልፍ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይህችንም አብረሽ እንዳትዘፈዝፊያት!» ትላለች። ያኔ ሳቅ ነበር። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር!

ልጅቷ አድጋ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሆነች። ደንበኛው «ካልጠጣሽ አልጠጣም» ይላል፤ የቤቱ ባለቤት «ጠጪለት እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» ትላለች። መጀመሪያ ለሰው ጠጣች፤ ኋላ ለራሷ። አልፎ አልፎ ትተወውና እናቷ ዘንድ መጥታ የልብስ መቆንጠጫ ታቀብላለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መቆንጠጫው ያመልጣታል። እናት ጎንበስ ብላ እያነሳች፣ «የኔም እጅ ዛሬ እንዲሁ ነው የሚያደርገው» ትላታለች። ውሸቷን ነው።

ከብረት በያጁ ጋር የተዋወቀችው እዚያው መጠጥ ቤት ነው። ሲመጣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ክፉ ሆኖ የሚመጣ ማን አለ? የአመልካች ጣቱን ግማሽ የብረት መቁረጫ ወስዶበታል፤ በዚያው እጁ ግን የማይሠራው ነገር የለም። የበረኪና የልብስ ማስጫ እንጨት በስብሶ አንሶላው ጭቃ ላይ ሲወድቅ አየና ሁለት የብረት ምሰሶ በይዶ ተከለላት። «እማማ፣ ይሄ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል» አላት። እሷም መረቀችው። ኋላ ምርቃቷን ብትመልስ በወደደች፤ ምርቃት ግን እንደ ልብስ ከገመድ ላይ አይወርድም።

ልጅቷ እሱ ቤት ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ መምታት ጀመረ። ልጅቷ አፍንጫዋ ደምቶ ትመጣለች፤ እናት ታጥባለች፤ ልብሱ ሲደርቅ ልጅቷ ለብሳው ወደ እሱ ትመለሳለች።

«እንዲህ እያነጣሽለት እሱ ምን ቸገረው?» አለቻት ሬዲዮ አንድ ቀን።

«ዝም በይ። ገበና ገመድ ላይ አይሰጣም።»

«አንቺ ገመድ ላይ ሌላ ምን ተሰጥቶ ያውቃል፣ እቴ!»

አንድ እሑድ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ልጅቷ የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ቢጫ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ድረስ ደም ነው። አንገትጌው ላይ ደግሞ የሰው እጅ ከነመዳፉ በግራሶ ታትሟል፤ አመልካች ጣቱ ግማሽ ነው።

«እማዬ፣ ልብሱን አትንኪው» አለች። ቃሏ ይጎተታል፤ ትንፋሿ መጠጥ መጠጥ ይላል። «እጁ አለበት። ነገ እንዲህ እንዳለ ለፖሊስ አሳያለሁ። በቃኝ። እንዳትነኪው፣ እሺ?»

«እሺ እናቴ፣ እሺ።»

ለሰካራም እንደሚባለው ያለ እሺ ነበር። ስንቴ «በቃኝ» ብላለች? ስንቴ «ከዛሬ ጀምሮ» ብላለች? ስካሯ ነው የሚያወራው አለች እናት በሆዷ። ልብሷን አስወልቃ፣ ፊቷን አባብሳ፣ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት።

ቀሚሱ ሳፋው ጠርዝ ላይ ቀረ። እናት አየችው፤ ዞር አለች፤ ደግሞ አየችው። ልጄ ስትነቃ ይሄን አታይም አለች። ግራሶውን በላምባ አስለቀቀችው፤ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው። በዕድሜዋ እንደዚያ አድርጋ ያጠበችው ልብስ የለም። ስፌቱን ሳይቀር በጣቷ እየፈለቀቀች አጠበችው። ከዚያ በያጁ በተከላቸው ምሰሶዎች መሃል አሰጣችው።

ልጅቷ በማግስቱ ስትነቃ ስካሩ ለቋት ነበር።

«እማዬ፣ ቀሚሴስ?»

እናት በኩራት ወደ ደጅ አመለከተቻት። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆመች። ቀሚሱ ንፋሱ እያወዛወዘው እንደ አዲስ ያበራል።

«አትንኪው አላልኩሽም?»

«ጠጥተሽ ነበር እኮ፣ ልጄ...»

«ጠጥቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ የጠጣ ሰው እውነት አይናገርም?»

እንዲያም ሆኖ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊሷ ወጣት ናት፣ ክፉ አልነበረችም። በያጁን አስጠራችው። «ሰክራ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» አለ፤ የመጠጥ ቤቱ ሰዎችም አዎ፣ ሁሌም ትወድቃለች አሉ። እናት የልጇን የፊት እብጠት አሳየች፤ የወደቀም ሰው ያብጣል ተባለ። ቀሚሱን አውጥታ ዘረጋች።

«ደሙ እዚህ ጋ ነበር፣ ልጄ። እጁ እዚህ ጋ፤ ጣቱ ጎዶሎ ነው፣ እይው የሱን ጣት።»

ፖሊሷ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። «እማማ፣ እዚህ ላይ ምንም የለም እኮ። ለምን አጠቡት?»

በረኪና ቀሚሱን ሰብስባ አጣጠፈችው። በያጁ ተመክሮ ተለቀቀ። ሲወጣ ለእናትየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ እንደ አማች።

በመንገድ ላይ ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ሌላው ባያምነኝ ምንም አይደል። አንቺ ግን ታምኚኛለሽ ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ጥቂት ቀን አብራት ቆየች፤ መቆንጠጫም አቀበለች። የመጠጥ ጥማቱ ግን አስነሳት፤ እናት አንሶላ ስታለቀልቅ ጀርባዋን ባዞረችበት ወጥታ ወደ በያጁ ተመለሰች። ቢጫውን ቀሚስ ትታው ሄደች።

ክረምቱ ሳይወጣ መርዶው መጣ። ከሆስፒታል ደምና ግራሶ የነካው ልብሷን በፌስታል ቋጥረው ለእናት ሰጧት። ሬዲዮ ያን ቀን አፏ ተዘግቶ ክንዷን ደግፋት ነበር። ግቢው ሲደርሱ ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል፤ ሳፋው ቦታው ላይ ነው። በረኪና ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፌስታሉን ወደ ሳፋው ዘረጋች፤ መልሳ ታቀፈችው።

«ስጪኝ እኔ ልያዝልሽ» አለች ሬዲዮ።

«ተዪኝ። መንገዱን ብቻ አብረሽኝ ሂጂ።»

ፌስታሉን እንደታቀፈች ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ያችው ፖሊስ ስታያት ከመቀመጫዋ ተነሳች። በረኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«አላጠብኩትም፣ ልጄ» አለች። «ልጄ እንዳለችኝ ነው። አልነካሁትም።»

ፖሊሷ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

በያጁ ያን ቀን ተያዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምሰሶዎቹ እንደተከላቸው ናቸው፤ ለመንቀል ሰው ቢጠራ መሠረታቸው ጥልቅ ነው፣ ግቢው ይፈርሳል ተባለ። በረኪና ገመዷን ከእነሱ ፈትታ የግድግዳው ምስማር ላይ አሰረችው። ምስማሩ ዝቅ ያለ ነው፤ አንሶላው ጫፉ መሬት እየነካ ይቆሽሻል። ሬዲዮ ካውያዋን ይዛ እያየች ታልፋለች። በረኪናም ታወርደውና ሳፋው ውስጥ መልሳ ትዘፈዝፈዋለች።